የእትዬ ዋስትና

ክፍሉ ነጭ ነበር። ሮም ፍርድ ቤት ሥር፣ ምድር ቤት ውስጥ ያለ ማቆያ ነው። የሲሚንቶ መደብ፣ የብረት ፍርግርግ፣ ጣሪያው ላይ የማይጠፋ መብራት። በረኪና ይሸታል፤ ከበረኪናው ሥር ደግሞ ሽንት። አገሬ ሳለሁ በፖለቲካ ተይዤ የቆየሁበት ክፍል ጨለማ ነበር፤ ተደራርበን ነው የምንተኛው፣ አንዱ ሲገላበጥ ሁሉም ይገላበጣል። እዚህ ብቻዬን ነኝ። ስልጣኔ ማለት ለብቻ መታሰር ነው አልኩ በሆዴ።

የያዙኝ ከችሎቱ በፊት በነበረው ቀን ጧት ነው። ከተማው ዳር ባዶውን የኖረ አንድ መሥሪያ ቤት ነበር፤ እኛ ስደተኞቹ ገብተን ዓመታት ኖርንበት። ልጆች ተወለዱበት። ፖሊስ ሊያስወጣን ሲመጣ ደረጃው ላይ ቆመን አንወጣም አልን። ግፊያ ሆነ፤ አንድ ፖሊስ ወድቆ እጁ ተሰበረ። አንተ ነህ የገፋኸው አሉኝ። አልገፋሁትም። አምሮኝ ግን ነበር።

ጠበቃዋ የመጣችው ረፋዱ ላይ ነው። ልጅ እግር ናት። ጥቁሩ ካባ ሰፍቷት እጅጌው ጣቷን ይሸፍናል፤ የተውሶ መሆኑ ያስታውቃል። በአንድ እጇ ፋይል፣ በሌላው የተገመጠ ብስኩት።

“አሎራ፣ እንግዲህ” አለች በፍርግርጉ በኩል፤ “የተመደቡልዎት ጠበቃ እኔ አይደለሁም። እሳቸው ሌላ ችሎት አለባቸው። እኔ እሳቸው ቢሮ ነው የምሠራው፤ ተክቻቸው መጣሁ።”

“ፋይሉን አንብበሽዋል?”

“ደረጃውን ስወርድ።”

ቢያንስ አልዋሸችም። ደግሞ በአክብሮት ነው ያናገረችኝ። ከተያዝኩ ጀምሮ ፖሊሱም ዘበኛውም አንተ ሲለኝ ነው የቆየው።

የኔ ጣልያንኛ ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ሳጥን ሳወርድ የለቃቀምኩት ነው። ፊደልም የቆጠርኩት ጢም ካወጣሁ በኋላ ነው። ይህን ስነግራት ፋይሉን ዘጋችና በቃል አስረዳችኝ።

“ዛሬ ጥፋተኛ ነዎት አይደሉም አይባልም። መከላከያ ለማዘጋጀት ቀጠሮ እጠይቃለሁ። ክርክሩ እስከዚያ የት ይቆያሉ የሚለው ነው። ዐቃቤ ሕጉ እስር ቤት ይላል። እኔ ቤታቸው ሆነው ይጠብቁ እላለሁ። ቤትዎ የት ነው?”

ሳቄ መጣ። “ቤት ቢኖረኝ እዚህ ምን እሠራለሁ?”

“የሚያስጠጋዎት ዘመድ?”

“ዘመዶቼ ትናንት አብረውኝ ተባረዋል።”

ብስኩቷን ኪሷ ከተተችና ስልኳን አወጣች። ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ እያለች ደወለች፤ መጠለያ፣ የቤተ ክርስቲያን ማረፊያ፣ እንደገና መጠለያ። “አንድ አልጋ ብቻ... ገባኝ። አመሰግናለሁ።” ምስጋናዋ ከስልክ ስልክ እየቀጠነ ሄደ። በመሃል አለቃዋ፣ ያ የተመደበልኝ ጠበቃ፣ ደወለ። “እሺ አቮካቶ። አዎ አቮካቶ፣ ሦስተኛው ችሎትም እደርሳለሁ።” ከዚያ ወደኔ ዞረች። ስልኩን ኪሷ ከተተች። አልጋ ተገኘ ወይ ብዬ አልጠየቅኋትም።

ችሎት ሲያስገቡኝ የኋላ ወንበር ላይ እትዬን አየኋቸው። ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር የሚውል አበሻ ሁሉ እትዬ ነው የሚላቸው፤ የአዲስ አበባ ሴት ናቸው። አንዲት አሮጊት ጣልያናዊት ሲኞራ እያስታመሙ እዚያው ቤት ያድራሉ። እኔን አይወልዱኝም፤ መታሰሬን ሰምተው ነው የመጡት። ነጠላቸውን ለብሰዋል፣ ለፍርድ ቤት።

ዐቃቤ ሕጉ ሰዓቱን እያየ ተናገረ። “አድራሻ የለውም፣ ይጠፋል።” ጠበቃዋ ተነሳች፤ ሥራ እንዳለኝ፣ ከዚህ በፊት እዚህ አገር ተከስሼ እንደማላውቅ ተናገረች። ዳኛው አቋረጣት፤ ጠበቃ ብሎ ሳይሆን እንደ ጀማሪ ምሩቅ ነው የጠራት።

“ዶቶሬሳ፣ አድራሻ አለ ወይስ የለም?”

ያኔ ከኋላ ወንበር ተገፋ። “ክቡር ዳኛ፣ ዋሱ እኔ ነኝ!”

እትዬ ናቸው። እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ተነስቶ ዋስ ነኝ ካለ ነገር ይበርዳል። ዋስ የሚሆነው ሰው ነው፣ ግድግዳ አይደለም። ዳኛው ከመነጽሩ በላይ አያቸው።

“ሲኞራ፣ ይቀመጡ። እዚህ እንዲህ ያለ ነገር የለም።”

“ከጠፋ እኔን እሰሩኝ!”

ሰው ሳቀ። ዐቃቤ ሕጉም ሳቀ። ጠበቃዋ አልሳቀችም፤ አምስት ደቂቃ ይፈቀድልኝ ብላ እትዬን ወደኔ አመጣቻቸው።

“ሲኞራ፣ ቤት አለዎት?”

“አለኝ እንጂ! ክፍል አለኝ፣ መስኮቷ ሰፊ።” ወደኔ ዞሩና በአማርኛ “አንተ ደግሞ ፊትህን ፍታ፣ ነፍሰ ገዳይ መስለሃል” አሉኝ።

“እትዬ፣ ቤቱ እኮ የሲኞራዋ ነው።”

“እሷ እንደሆነች ጧት ጧት እኔኑ ማነሽ ትለኛለች። የምፈራው አንተን ባሌ ነህ እንዳትልህ ነው።”

ያልነውን ስተረጉምላት ጠበቃዋ ቀስ ብላ ተናገረች። የባለቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ሲኞራዋ መፈረም ካልቻሉ፣ ልጅ ካላቸው እሱ ይፈርማል። ፖሊስ ቀንም ሌሊትም እየመጣ በሩን ይደውላል።

እትዬ ነጠላቸውን አስተካከሉ። “ልጇን እለምነዋለሁ” አሉ። ድምፃቸው ግን ወርዷል።

የሲኞራዋን ልጅ በወሬ አውቀዋለሁ፤ እትዬ ራሳቸው ናቸው ያወሩልኝ። እናቱን አረጋውያን ማቆያ ከቶ ቤቱን ሊሸጥ፣ እትዬን የሚያባርርበት ሰበብ ነው የሚፈልገው። ከሥራው ከወጡ ከክፍሏም ይወጣሉ። በዚያ ዕድሜያቸው።

“አድራሻቸውን ልስጥ?” አለችኝ ጠበቃዋ። “ዛሬ ያለን ይኼ ብቻ ነው።”

“ልጁ እምቢ ቢልስ?”

“እርስዎን እስር ቤት ይወስዱዎታል።”

“እሳቸውንስ?”

ፋይሉን ገለጠች፣ መልሳ ዘጋችው። የሕግ መጽሐፏ ስለ እሳቸው አይልም።

“ቤት የለኝም በያቸው።”

“ዝም በል አንተ! ዋሱ እኔ አይደለሁም እንዴ?”

“እትዬ፣ በእመብርሃን ይዤዎታለሁ፣ ይቀመጡ።”

ተቀመጡ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙት።

ጠበቃዋ ተነሳች። “ደንበኛዬ አድራሻ የላቸውም። የሌላቸውም ትናንት ጧት ፖሊስ ከቤታቸው ስላስወጣቸው ነው። ይህ ይመዝገብልኝ።”

“አያስፈልግም” አለ ዳኛው።

“ይመዝገብልኝ።” ጆሮዋ ቀልቷል። ሦስተኛ ጊዜ ስትለው ጸሐፊው ጻፈው። ምንም አልፈየደም። ወንዝ ዳር ወዳለው እስር ቤት ተባልኩ።

መኪና እስኪመጣ ወደ ነጩ ክፍል መለሱኝ። ጠበቃዋ ወረደች። መምጣት አልነበረባትም፤ ሥራዋ አልቆ ነበር። ፍርግርጉን ይዛ ቆመች።

“ምንም ማድረግ አልቻልኩም።”

“አየሁ” አልኳት።

 ከመደቡ ተነሳሁ። ዳኛው ሲገባ ዘበኛው ብብቴን ይዞ ነው ያቆመኝ፤ ለሷ ራሴ ነው የተነሳሁት። ልብሴን አራገፍኩ። ቤቴ የመጣች እንግዳ እንደምሸኝ ሆኜ፣ ኮቴዋ እስኪጠፋ አልተቀመጥኩም።

ከወራት በኋላ ሌላ ዳኛ ነፃ ነህ አለኝ። ይቅርታ ያለኝ የለም። ጠበቃዋ የት እንደደረሰች አላውቅም።

የእትዬም ክፍል አልተረፈችም። እኔ ሳልፈታ ሲኞራዋ ሞቱ፤ ልጁም አስወጣቸው። አሁን የሚያድሩት መነኮሳት ዘንድ፣ ከሌሎች ሴቶች ጋር ነው። እሁድ እሁድ ስጠይቃቸው “እሺ ብትል ኖሮ እኮ ለጥቂት ወር ሁለታችንም እንኖርባት ነበር፣ ግትር!” ይሉኛል። እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። በከንቱ ታሰርክ የሚሉኝም አሉ።  የማውቀው፣ እኔ በታሰርኩበት በዚያን ማታ እትዬ ክፍላቸውን በገዛ ቁልፋቸው ከፍተው መግባታቸውን ነው።