የማይሸት ቤት

ዳንግላ ላይ የምከራየው ቤት ስፈልግ ደላላው ግራ ገባው። «ጎረቤት የሚበዛበት ይሁን?» ሲለኝ «የሌለበት ይሁን» አልኩት። «ወጥ ቤቱ የቀረበ?» «የራቀ፤ ባይኖርም ግድ የለኝም።» ጠላ ቤት የማይጠጋው፣ ከብት የማይታሰርበት፣ አከራዮቹም ግቢው ውስጥ የማይኖሩበት ቤት እንደምፈልግ ነግሬው ስጨርስ «እህቴ፣ ይሄማ የመነኩሴ ቤት ነው» ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ። በኋላ ግን ከከተማው ዳር አንዲት ባዶ ግቢ አገኘልኝ፤ ባለቤቶቹ ባሕር ዳር ይኖራሉ።

ቤት እንዲህ የማማርጠው ሥራዬ ማሽተት ስለሆነ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከየቄራው አጥንትና ተረፈ ሥጋ ሰብስቦ እየቀቀለ የዶሮ መኖ የሚሠራ ፋብሪካ አለ። ሰፈሩ ስለ ግማቱ አቤት ሲል ባለቤቶቹ ሽታ ማጥፊያ ማሽን አስተከሉ። ማሽኑ ከመቀቀያው የሚወጣውን እንፋሎት በቧንቧ ይስብና መጀመሪያ በውሃ ያጥበዋል፣ ቀጥሎ በከሰል ንጣፍ ውስጥ ያሳልፈዋል። ከሰሉ ከውጭ አገር የመጣ ነው። እዚሁ አጠገባችን አዲስ ቅዳም ከተማ መንገድ ዳር ከሰል በጆንያ ተደርድሮ እያለ እነሱ ከሰል ከባሕር ማዶ ማስመጣታቸው አገሬውን ሲያስቀው ከርሟል። እኔ ከመሥሪያ ቤቴ የተላክሁት ማሽኑ እውነት ይሠራል ወይ የሚለውን ለክቼ እንዳሳውቅ ነው።

ሽታ በምን ይለካል ብሎ የማይጠይቀኝ ሰው የለም፤ መልሱን ስናገር ግን ሁሉም የምቀልድ ይመስለዋል። በአፍንጫ ነው የሚለካው። ጋዝ የሚቆጥር መሣሪያ አለ፤ ነገር ግን ሰው ምሳውን ትቶ ከቤቱ የሚወጣው መቼ እንደሆነ መሣሪያው አይነግርም። ስለዚህ ወደ ማሽኑ ከሚገባው አየር አንድ ከረጢት፣ ከማሽኑ ከሚወጣው ሌላ ከረጢት እሞላና አየሩ ቀዝቃዛና ንጹሕ ወደሆነበት ወደ እንጅባራ እወስዳለሁ። እዚያ ባለች የሙከራ ክፍል አራት ሰዎች እንቀመጣለን። በሁለት ቱቦ አየር ይመጣልናል፤ አንዱ ንጹሕ ነው፣ ሌላው ከከረጢቱ ጥቂት የተቀላቀለበት። የሚሸተው የትኛው እንደሆነ ቁልፍ ተጭነን እንናገራለን። መጀመሪያ በጣም የቀጠነው ይሰጠናል፣ እያደር ይወፍራል። ከመካከላችን ግማሹ ማሽተት የጀመረበት የቅጥነት ደረጃ የዚያ ሽታ ጉልበት ተብሎ ይመዘገባል። የገባውንና የወጣውን አየር ጉልበት ስናነጻጽር ማሽኑ ምን ያህሉን እንደዋጠ እናውቃለን።

እነዚያን የተነፉ ከረጢቶች ይዤ ሚኒባስ ስሳፈር ማየት ነበር። ረዳቱ «ምን ጭነሽ ነው?» አለኝ። «አየር» አልኩት። «ከዳንግላ ወደ እንጅባራ አየር? እዚያ አየር ጠፋ እንዴ?» አለና መኪናው በሙሉ ሳቀ። ከኋላዬ የተቀመጡ ሴቶች በአዊኛ አንድ ነገር ተባባሉና እንደገና ሳቁ። እኔ የመጣሁት ከምሥራቅ ጎጃም ነው፤ አዊኛ አልሰማም። መስኮቱን እያየሁ አብሬ ፈገግ አልኩ።

የመጀመሪያው ሙከራ ጉድ ነበር። ያኔ ቁልፍ አልነበረንም፤ አራታችን አንድ ጠረጴዛ ከብበን ተቀመጥን። ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ቱቦውን አሸተቱና «ምንም የለውም» አሉ። ሌሎቹ ሁለቱ ተማሪዎቻቸው የነበሩ ወጣቶች ናቸው፤ ተራ በተራ «ምንም የለውም» አሉ። እኔን ግን አፍንጫዬን እየቆረጠኝ ነበር። ታላቅ ሰው የለም ካለ በኋላ በእኛ አገር ማን አለ ይላል? በማግሥቱ አናጺ ጠርቼ በየመቀመጫው መካከል ጣውላ አስገጠምኩ፤ መልሱም በቃል ሳይሆን በቁልፍ ሆነ። መምህሩ «እንደ ኑዛዜ ነው እኮ ያደረግሽን» እያሉ ቀለዱብኝ። ከዚያ ወዲያ ሁሉም የሸተተውን ይናገር ጀመር።

የሥራው ደንብ ከባድ ነው። ሽቶ ክልክል ነው፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ቡና፣ የራስ ቅቤ፣ መዓዛ ያለው ሳሙና ክልክል ነው። ሌሎቹ የሚጠነቀቁት ለሙከራው ቀን ነበር። እኔ ግን በየሳምንቱ ናሙና ስለምወስድና ስለማሸት አንድም ቀን አላረፍኩም። በዓል ሲመጣ የሰፈሩ ሰዎች ይጠሩኛል፣ ሰበብ ፈጥሬ እቀራለሁ። ለቅሶ ስደርስ ከድንኳኑ ውጭ ቆሜ እመለሳለሁ። ደግ ሰው ሲመሰገን «ሰው ሰው ይሸታል» ይባላል፤ የእኔን ሙያ ደንብ ያወጣ ሰው መጀመሪያ የከለከለው ይኼንኑ ነው። እሁድ ሁሉም ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ወደየቤቱ ሲሄድ እኔ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ግድግዳውን አያለሁ። ከትራሴ እንኳ የራሴ ጠረን አይመጣም ነበር። ብቸኝነት ነው፤ ሌላ ስም ልሰጠው አልፈልግም።

በዚያ ሁሉ ጊዜ የለመድኳት አንዲት ሴት ብቻ ነች። ባሏ የሞተባት አሮጊት ናት፣ ልጆቿ ሩቅ ናቸው፣ ቤቷ ከፋብሪካው አጥር ጋር ይዋሰናል። ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ለማየት ከደጇ ስቆም በርጩማ ታወጣልኛለች። ከዚያ ዳቦ ታመጣለች፣ ድንች ቀቅላ ታመጣለች። «አፈር ስሆን ቅመሽ» ትለኛለች። ከሽንኩርቱና ከድልሁ ስለምሸሽ «ይሄ የያዝሽው ጾም መቼ ነው የሚፈታው?» እያለች ትስቅብኛለች። ስለ ሽታው በጠየቅኋት ቁጥር ግን መልሷ አንድ ነበር። «ማሽኑ ከተተከለ ወዲህ የለም፤ ጠፍቷል።»

የማሽኑ ውጤት ሲሰባሰብ ጥሩ ሆነ። ከሚገባበት ሽታ አብዛኛውን ይውጣል፤ ይህንንም ፈርሜበታለሁ፣ እውነት ነው። ይሁን እንጂ አሮጊቷ ደጅ ስቆም ግማቱ አሁንም ይመጣብኝ ነበር። ነፋሱን ተከትዬ አጥሩን ዞርኩ። አጥንት የሚራገፍበት በር ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። ማሽኑ የሚያጥበው በቧንቧው የገባለትን ብቻ ነው፤ በበሩ የወጣውን አያውቀውም። ይህንንም ጻፍኩ፤ ባለቤቶቹም ማራገፊያውን ሊዘጉትና አየሩን ወደ ማሽኑ ሊስቡት ተስማሙ። ግን ሥራው ክረምቱ ሳይወጣ አይጀመርም አሉ።

ይህን ልነግራት ስሄድ አሮጊቷ ደጃፏ ላይ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣ አገኘኋት። የማርያም ማኅበር አላት። ማኅበርተኞቹ በየወሩ ጽዋውን ይዘው በተራ ከአንዷ ቤት ወደ ሌላዋ ቤት ይሄዳሉ።

«ጽዋው እኔ ጋ ሊደርስ ሲል ይዘሉኛል ልጄ» አለችኝ። «‹እርስዎ ደክመዋል፣ ይረፉ› ይሉኛል። እኔ ደክሜ ነው? ይሄን ጋን ማን አንሥቶልኝ ነው? እንዲያው አንዷን አስቀይሜ ይሆናል ብዬ በየቤታቸው ዞርኩ። ይቅር በሉኝ አልኳቸው። ‹ኧረ ምን በድለውን!› ይሉኛል። አይነግሩኝም። ሳልሞት ከሰው ወጣሁ እኮ።»

ያላወቀችውን ጥፋት ተሸክማ በየደጁ ይቅርታ ስትለምን መክረሟን ስሰማ ነገሩ ገባኝ። የሰው አፍንጫ የለመደውን ሽታ አያሸትም። ሌሎቹ ደግሞ ያሸተቱትን አይናገሩም፤ የታላቅ ሰው ቤት ይሸታል ማን ይላል? እኔም ቃሉ አፌ ላይ መጣና ተመለሰ።

ቀና ብላ አየችኝ። «ምነው ዝም አልሽ? ይሸታል እንዴ?»

«ይሸታል፣ እማማ» አልኳት። «ማሽኑ ይሠራል፤ ሽታው ግን በማራገፊያው በር ወጥቶ እርስዎ ቤት ይገባል። ለምደውት ነው እንጂ ጋቢዎ ሳይቀር ይሸታል። ማኅበርተኞቹ የሚዘሉዎት ለዚህ ነው።»

ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ጋቢዋን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ማገችና ምንም ሳይሸታት ቀርቶ ሳቀች። «ተመስገን!» አለች። «ጠልተውኝ አይደለማ! ሽታ ነዋ! እመቤቴ ማርያም፣ ሽታ ነዋ!» እጄን ይዛ ሳመችኝ። ለመጥፎ ውጤት ስሳም የመጀመሪያዬ ነው።

ጋቢዋን መልሳ ተከናነበችና ደግሞ «የአንቺስ ቤት ይሸታል?» አለችኝ።

«አይሸትም።» ኩራት ቢጤ ሳይሰማኝ አልቀረም።

«እንግዲያው የሚቀጥለውን የማርያም ማኅበር እዚያ ላውጣው። ጠላውን እኔ እጠምቃለሁ፣ ወጡንም እኔ ሠርቼ አመጣለሁ። አንቺ ቤቱን ብቻ።»

ደነገጥኩ። የጠላው፣ የሽንኩርቱ፣ የጧፉ ሽታ በአንድ ቀን እንደማይለቅ፣ ልብሴም አልጋዬም እንደሚይዘው፣ ያኔ ለሙከራ መቀመጥ እንደማልችል አስረዳኋት። ደንቡን ሁሉ ዘረዘርኩላት። በመጨረሻም «ቤቴ ሰው አይገባበትም፣ እማማ» አልኳት።

«ማንም?»

«ማንም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጣሁ ጀምሮ።»

ማኅበሯን ረሳችው። በርጩማዋን አስጠግታ መዳፏን ጉልበቴ ላይ አሳረፈችና፣ የታመመ ሰው በሚጠየቅበት ድምፅ «ልጄ፣ አንቺስ ማንን አስቀይመሽ ነው?» አለችኝ።

ማንንም እንዳላስቀየምኩ ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ እንባዬ ቀደመኝ። እሷም ጀርባዬን ትደባብስ ጀመር። ጋቢዋ ይሸታል፤ ግን ፈቀቅ አላልኩም። ልቤ ሲመለስልኝ የቤቴን ቁልፍ ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት።

በማግሥቱ ኔትወርክ ሲገኝ ለአለቃዬ ደወልኩ። ለሚቀጥለው ሙከራ በእኔ ቦታ ሌላ ሰው እንዲፈልግ ነገርኩት። እሱ በዚህ ሥራ ከጉንፋን በቀር የሚያስቀር ነገር አያውቅም።

«ምነው፣ ጉንፋን ያዘሽ?» አለኝ።

«አይ» አልኩት፣ «እንግዳ አለብኝ።»