ግድግዳ የሚያንኳኩት አጎቴ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። አጎቴ በውጭ አገር የመንግሥት ሕንፃዎችን የሚያሠሩ መሐንዲስ ነበሩ። ለእረፍት ሲመጡ የገቡበትን ቤት ግድግዳ በጣታቸው አንኳኩተው ካላዳመጡ አይቀመጡም።

በሠርጌ ቅልቅል ቀን ኮተቤ አማቶቼ ቤት ገብተው፣ እንግዳው ሁሉ እያየ አንኳኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ግድግዳችን ምን በደለዎ?» አሉ የባሌ አባት ቅር ብሏቸው።

«ኧረ ምንም! ልጃችንን ይችላት እንደሆነ እየጠየቅኩት ነው።»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔ በነጠላዬ ተሸፈንኩ።

ዘንድሮ እዚያው አማቶቼ ግቢ ለእኔና ለባሌ አዲስ ክፍል ተሠራ፤ አጎቴ ግን ሳያንኳኩት አረፉ። ከየካ ሚካኤል ከቀብር ስንመለስ ወደ አዲሱ ክፍል ግድግዳ እጄን አነሣሁ፤ ለቀስተኛው ሲያየኝ አፍሬ መለስኩት። የባሌ አባት አጠገቤ ነበሩ።

«አንኳኪው እንጂ፣ ልጄ» አሉኝ፤ «እሳቸው መቼ አፍረው ያውቃሉ!»