እኔ የያዝኩት እርጥብ ሣር

ይህን ነገር ለሚስቴ አልነገርኩም። ለመጋቢያችንም አልነገርኩም። በቤተ ክርስቲያን የምስክርነት ሰዓት ስንት ጊዜ ማይክ ጨብጬ ስለ ወጣትነቴ መጠጥና ጠብ አውርቻለሁ፤ ያ ቀላል ነው፤ ሰው በድሮ ኃጢአቱ እንኳ ይኮራል። ይህኛው ግን ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። አንባቢዬ፣ አንተ አታውቀኝም፣ እኔም አላውቅህም። መጀመሪያ ለአንተ የምነግርህ ለዚሁ ነው። ይህም ራሱ ፈሪነት መሆኑ አልጠፋኝም።

የምኖረው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ውስጥ፣ ከገበያው ገባ ብሎ ባለ የኮብልስቶን መንገድ ላይ ነው። ከላንቴ ሙዝ እያመጣሁ የምሸጥ ነጋዴ ነኝ፤ አንዲት አይሱዙ አለችኝ። መንገዳችን ጠባብ ነው። በአንዱ ወገን ቦይ አለ፤ በሌላው ወገን ከእኔ አጥር ወደ ውጭ የተንሰራፋ ማንጎ አለ። የከተማችንን ፀሐይ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከቀትር በኋላ እግረኛው ሁሉ ጥላ ለጥላ ነው የሚሄደው። እኔም አይሱዙዬን የማቆመው እዚያው ጥላ ሥር ነበር። ግቢዬ ይበቃታል። ግን ጎማዋን ፀሐይ እንዳይመታው፣ ደግሞም የግቢውን በር መክፈትና መዝጋት ስለሚሰለቸኝ ውጭ አቆማት ነበር። ለጎማ ያሰብኩትን ለሰው አላሰብኩም። ጎረቤቶቼ አንድ ሁለቴ "ጋሼ፣ እግረኛው መሃል እየገባ ነው እኮ" ብለውኛል። ሳቅ ብዬ አለፍኩት።

እማማ ወርቄ ከእኔ ሦስት ቤት አልፎ የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሀለኮ የምንለውን የሽፈራው ቅጠል በዘንቢል ይዘው ከገበያ ሲመለሱ ጥላውን ተከትለው መጡ። አይሱዙዬ መንገዱን ዘጋችባቸው። ዞረው ሊያልፉ ወደ መሃል ወጡ፤ ባጃጅ መታቸው። ነጂው እስራኤል የሰፈራችን ሰው ነው፤ በርጋታው የሚታወቅ፣ ሽማግሌ ሲያሳፍር ወርዶ እጅ የሚይዝ። ከመኪና ጀርባ ድንገት ብቅ ያለን ሰው በየት በኩል ይየው? የእማማ ወርቄ ዳሌ ተሰበረ።

ጩኸት ሰምቼ ወጣሁ። እስራኤል ራሱ በዚያው ባጃጅ ጭኗቸው ወደ ሆስፒታል ሄደ፤ የተሰበሰበውም ሰው እየሮጠ ተከተለ። መንገዱ ጭር አለ። ታዲያ እኔ ምን አደረግሁ? ቁልፌን አወጣሁ። አይሱዙዬን ግቢ አስገባሁ። ሁልጊዜ የሚሰለቸኝ በር ያን ቀን እንዴት ቶሎ ተከፈተልኝ!

ትራፊክ ፖሊሱ እስራኤልን ይዞ ሲመጣ የመንገዱ ዳር ባዶ ነበር። እስራኤል "እዚህ አይሱዙ ቆማ ነበር፣ ከልላኝ ነው" አለ። ፖሊሱ ወደ እኔ ዞረ። እኔ "መኪናዬ ከጠዋት ጀምሮ ግቢ ውስጥ ነች" አልኩ። እኔ አልኩ። ያየ ሰው አይጠፋም ነበር፤ ግን በእኛ ሰፈር እንደ እኔ ያለ ሽማግሌ የተናገረውን በአደባባይ ማን ያስተባብላል? እማማ ወርቄ ራሳቸው ከመውደቃቸው በፊት የነበረውን አያስታውሱም።

የባሰው የመጣው በኋላ ነው። በጋሞ ባህል ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ከቆመ ጠብ ይቆማል። ዕርቁ እንዲጸና ግን ያጠፋው ሰው ጥፋቱን በገዛ አፉ መናገር አለበት። የተደበቀ በደል ጎሜ ነው፣ እርግማን ሆኖ ቤት ድረስ ይከተላል ይሉ ነበር አባቶቻችን። እማማ ወርቄ ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ እሳቸውንና እስራኤልን ለማስታረቅ ሽማግሌ ሲመረጥ፣ አንዱ እኔ ሆንኩ። አመመኝ ብዬ መቅረት እችል ነበር። አልቀረሁም። ብቀር ይጠረጥሩኛል ብዬ ሄድኩ፤ ሄጄም ሣሩን ያዝኩ።

እስራኤል በሽማግሌዎቹ ፊት ቆመ። እኔ ነኝ፣ በዚህ አፌ፣ "ልጄ፣ ጥፋትህን ተናገርና ይውጣልህ" ያልኩት።

እስራኤል ዓይኑን ከእኔ ላይ ሳይነቅል፣ "እሺ ጋሼ። ዕርቅ በእኔ ምክንያት አይፍረስ። አጥፍቻለሁ" አለ። ጎንበስ ብሎ የእማማ ወርቄን ጉልበት ሳመ። የእኔን ኃጢአት እሱ ተናዘዘልኝ፤ እኔ ደግሞ ሣሩን ይዤ መረቅሁት! ከዚያ ወዲያ የባጃጁ ባለቤት ባጃጁን አምኖ አልሰጠውም። አገሩ ኦቾሎ ወጥቶ ከአባቱ ሸማ መሥሪያ ላይ ተቀመጠ፤ ወደ ሲቀላ አልተመለሰም።

ሰፈሩ ሲሰበሰብ በጥላው ወገን መኪና እንዳይቆም ሐሳብ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ይህን በጎ ሥራ ብለህ አትቁጠርልኝ። ነዋሪው ተስማማ፤ ድንጋዮቹን ነጭ ቀባን፣ "መኪና ማቆም ክልክል ነው" የሚል ሰሌዳ ተከልን። ዛሬ ተማሪውም ሸክም ያለበትም በጥላው ሥር በሰላም ያልፋል። እኔን "ለሰው አሳቢ" ይሉኛል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። በእኔ ቤት ግን ያደረው ውሸቱ ነው፤ እያደር ምስጋና ለበሰ።

እማማ ወርቄ በየጠዋቱ በምርኩዝ እያነከሱ በደጄ ያልፋሉ። ቆም ይሉና "መንገዴን እንደከፈትክልኝ እግዚአብሔር መንገድህን ይክፈትልህ" ይሉኛል። እኔም አሜን እላለሁ። በየቀኑ አሜን እላለሁ። ከዋሸሁት ውሸት ሁሉ ይህቺ አሜን ትከብደኛለች።

ፈርቼ ነው ልበል? ፈርቻለሁ፤ ግን እስራኤልም ፈርቶ ነበር፤ እሱ ለፖሊሱ እውነቱን ነው የተናገረው። ከአንተ ይቅርታ አልለምንም፤ የበደልኩት አንተን አይደለም። ኦቾሎ እወጣለሁ። ሣር ይዤ አይደለም፤ ሣሩን የሚይዝ ሌላ ሰው ይፈለግ፤ የእኔ ቦታ እስራኤል የቆመበት ነው። ከዚያ በፊት ግን ነገ ጠዋት አለ። እማማ ወርቄ በደጄ ሲያልፉ ቆመው ይመርቁኛል። አሜን አልልም።