ወረቀቱ የለቀቀ ጣሳ ይዤ ወደ መቐለ

ነሐሴ ፬፣ ደሴ፣ ጎህ ሲቀድ

ከበርበሬ ጆንያ ላይ ተቀምጬ፣ እያስነጠስኩ ተነሣሁ። ካሚዮኑ ጣሊያን ጥሎት የሄደ ነው፤ ፍሬኑን ይዞ ሳይሄድ አልቀረም።

አንባብያን ያውቁኛል። ሰው ያልደፈረውን በላሁ እያልኩ በዚህ ጋዜጣ የምኩራራው እኔ ነኝ። ቀንድ አውጣ ቀምሻለሁ፤ የሻገተ የፈረንጅ አይብም በልቻለሁ። አሁን ግን የምሄደው ለሆዴ አይደለም። ለተብርሃን የምትባል የመቐለ ልጅ አዲስ አበባ አክስቷ ቤት አይቼ ልቤ ጠፋ። ሽማግሌ ብልክ አባቷ አቦይ ወልዱ፣ "መጥቶ ከማዕዴ ይቀመጥ፤ አበላሉን ሳላይ ልጄን አልሰጥም" አሉ። ከእኔ በፊት የጠየቀውን ሰው ረቡዕ ቀን ወተት ሲጠጣ አይተው ነው ያባረሩት። እኔ ብልጡ ደግሞ በፍልሰታ ጾም እሄዳለሁ!

ቆቦ፣ ቀትር

አጠገቤ ሰይድ የሚባል ወሎዬ ተሳፍሯል፤ መቐለ ሱቅ አለው። የእንግሊዝ ወታደሮች ከሸጡት የታሸገ ምግብ አንድ ጆንያ ጣሳ ገዝቶ ይዟል። ከጨርቅ ቋጠሮ የተቆላ አንበጣ አውጥቶ ጋበዘኝ።

"የጾም ነው የፍስክ?" አልኩት።

"እሱን ቄሶችህን ጠይቅ። ደም የለው፤ ክንፉን ነቅለህ ብላ ወንድምዓለም!"

መንገደኛ ጾም የለበትም የሚሉ አሉ፤ ቆቦ ላይ እኔም ከእነሱ ጋር ሆንኩ። ሦስት በላሁ። ጣዕሙ እንደ ሽምብራ ቆሎ ነው፤ እግሩ ግን ጉሮሮ ላይ እንቢ አልወርድም ይላል።

ከአላማጣ በላይ ዳገቱ ላይ ዝናብ ወረደብን። የጣሳዎቹ ወረቀት ሁሉ ረጥቦ እየተላጠ ጆንያው ውስጥ ቀረ። የቱ ዓሣ፣ የቱ ፍራፍሬ እንደሆነ የሚነግር ጠፋ። እኔ አዘንኩለት፤ ሰይድ ሳቀ።

"ወረቀት ለማያውቅ ነው። እኔ በጆሮዬ እለያለሁ!" አለና አንዱን አንስቶ ነቀነቀ። "ይኼ ኮክ ነው።"

ነሐሴ ፭፣ ማይጨው

በለስ ደርሷል። ሻጯ እሾሁን በቅጠል አሽታ፣ ልጣጩን በቢላ ገፋ አድርጋ ታጎርሳለች።

"አምስት ይበቃሃል፤ ፍሬው ሆድ ይደፍናል" አለኝ ሾፌሩ።

ለእኔ ነው ይኼ የሚነገረው? ሃያ ሦስት በላሁ። ከሰዓት በኋላ ቁጥቋጦ ባየሁ ቁጥር ካሚዮኑን አስቆምኩ፤ ሁሉም በከንቱ። "ኧረ ሰውዬ፣ ወይ ውጣ ወይ ውረድ!" እያለ ሾፌሩ ጮኸብኝ። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ነሐሴ ፮፣ መቐለ

ከእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ላይ ጭጋጉ ሳይነሣ ከተማው ገባን። ባዶ እጄን አማት ፊት መቅረብ ነውር ሆነብኝና ሰይድ ሱቅ ሄድኩ። "የጾም ነገር ስጠኝ፤ ስህተት ግን አልወድም" አልኩት። አንድ ጣሳ ጆሮው ሥር ነቅንቆ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ።

"ባቄላ ነው፣ በቲማቲም። ሌላ ከሆነ ጺሜን ላጨው።"

አቦይ ወልዱ ከቅዳሴ መልስ ደጃፋቸው ላይ ተቀበሉኝ። "እንቋዕ ብደሓን መጻእካ፣ ወደይ" አሉና ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ማዕዱ ጥሕሎ ነው፤ የተድቦለቦለ የገብስ ሊጥ በመንታ እንጨት እየወጉ ወጥ ውስጥ ነክረው ይበሉታል። ለተ ቀና ብላ ሳታየኝ፣ "የፈረንጅ ባቄላ ነው፣ የጾም" ብዬ የሰጠኋትን ጣሳ ተቀብላ በቢላ ከፈተች፤ አሙቃ ከሽሮው ጎን አቀረበችው። ቀይ፣ ድፍን ያለ ነገር ነው።

ሽማግሌው ቀመሱ። ደገሙ። ሽሮውን ገፋ አደረጉት።

"ፈረንጅ ነፍሱ ትጥፋ እንጂ ባቄላ ያውቃል!"

እኔም ነከርኩ። በሁለተኛው ጉርሻ ጥርሴ መካከል ጅማት ገባ። ባቄላ ጅማት የለውም።

ዝም ብል ልጅቱን አገኛለሁ፤ ብናገር ሻንጣዬን። እሳቸው ግን ስምንተኛዋን ወግተው ወደዚያ ወጥ ሲያዘነብሉ፣ እኔን አምነው መሆኑ አንጀቴን በላው።

"አቦይ፣ ይቁም! ሥጋ ነው" አልኩ።

"የምን ሥጋ?"

"አላውቅም። ክርስቲያን ይረደው እስላም ይረደው አላውቅም።"

"ዋይ አነ!" እንጨቷ ከእጃቸው ወደቀች። ለተ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። አቦይ ወደ መንገዱ አዩ።

"ለተ፣ በሩን ዝጊ።"

ተዘጋ።

"ለነፍስ አባቴ ዛሬውኑ እናዘዛለሁ። ግን የሰው ጾም ስቆጣጠር የኖርኩ ሰው ነኝ። መቐለ ከሰማች ሰንበቴ ላይ ማን አጠገቤ ይቀመጣል?"

"ከእኔ አይወጣም አቦይ፣ እምላለሁ!"

"እንግዳ ምሎ ይሄዳል፤ ሄዶ ያወራል። ገበና የሚሸፍን የቤት ሰው ነው።" ጢማቸውን ጠረጉ፤ ልጃቸውን አዩ፤ እኔን አዩ። "ሠርጉ ከመስቀል በኋላ ይሁን።"

ለተ ወደ ጓዳ ሮጠች። ሳቋ እስከ ውጭ ተሰማ።

ገበናቸውን ጋዜጣ ላይ ስታወጣ አታፍርም ወይ የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። ስማቸውን ለውጫለሁ። ደግሞም አማቴ የአማርኛ ጋዜጣ አያነቡም፤ የማነብላቸው እኔ ነኝ።