ለእንግዳ የተመረጡ አንባቢዎች

ማክሰኞ፤ ከጎንደር እስከ ዳባት

ከቤቴ የወጣሁት ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ነው። የሚኒባሱ ሾፌር «ሁለት ሰው ብቻ ነው የቀረኝ» ብሎ አስገባኝና ሰባት ሰው ጠበቅን። ይህን የለመደ መንገደኛ አይናደድም ይባላል። እኔ ሃያ ዓመት ስመላለስ እስከ ዛሬ አልለመድኩትም።

የትምህርት ባለሙያ ነኝ። የዚህ ጉዞ ሥራዬ ሲነገር ቀላል ነው። በዳባትና በደባርቅ ዙሪያ ባሉ ትምህርት ቤቶች የሦስተኛ ክፍል ልጆችን እያስነበብኩ ማን ማንበብ እንደሚችል፣ ማን እንደማይችል መመዝገብ ነው። ማንበብ ያልቻሉ ልጆች የበዙበት ትምህርት ቤት ከዘንድሮ ጀምሮ አንድ ሣጥን የተረት መጻሕፍትና ከሰዓት በኋላ ፊደል የሚያስቆጥር አንድ ተጨማሪ መምህር ያገኛል። ልጅ አራተኛ ክፍል ከገባ በኋላ ፊደል የሚያስቆጥረው የለም። ስለዚህ ሦስተኛ ክፍልን ሳያነብ ያለፈ ልጅ፣ ቀሪውን ዘመኑን የጓደኛውን ደብተር ሲገለብጥ ነው የሚኖረው።

ኮሶዬ ላይ ሾፌሩ ጎማ ሊያይ ሲቆም ሁላችንም ወረድን። ከገደሉ አፋፍ ቁልቁል የሚታየው አገር ያምራል፤ ብርዱ ግን ለማድነቅ ጊዜ አይሰጥም። ሁለተኛውን ሹራቤን ደርቤ፣ ሃያ ብር ሰጥቼ ሻይ ጠጣሁ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ በታጨደና ባልታጨደ የገብስ ማሳ መካከል ነው የሚያልፈው። ኅዳር ነውና ሰው ሁሉ እርሻው ላይ ነበር።

ዳባት የደረስኩት በትምህርት ሰዓት ነው። ልጆቹ ታጥበው፣ ተበጥረው፣ በየወንበሩ ሁለት ሁለት ሆነው ይጠብቁኝ ነበር። አንዱን አስነሣሁ፤ እንደ ውኃ አነበበ። ሌላዋን አስነሣሁ፤ እሷም እንዲሁ። አንድም የሚንተባተብ አጣሁ። ደስ ብሎኝ ቅጼ ላይ «በጣም ጥሩ» ብዬ ጻፍኩ። ርዕሰ መምህሩ ሽሮ ጋበዙኝ፤ ልክፈል ብል «እንግዳ ይከፍላል እንዴ?» ብለው ተቆጡኝ። ደባርቅ ያደርኩት ሙቅ ውኃ አለው በተባለ ሆቴል ነው። ውኃው ለብ ያለ ነበር፤ አልጋው ግን ንጹሕ ነው።

ረቡዕ፤ ከደባርቅ ወደ ላይ

ጠዋት ባጃጅ እስከ ጠጠሩ መንገድ ማብቂያ ወሰደኝ። ተራራው ላይ እስካለው ትምህርት ቤት የቀረው የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። እንዲመሩኝ የተላኩት ቄስ ሞላ፣ ከወላጆች ኮሚቴ አባላት አንዱ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። እሳቸው አቀበቱን እያወሩ ሲወጡት እኔ ለመተንፈስ ሦስት ጊዜ ተቀመጥኩ።

«አይዞሽ ልጄ፤ የጎንደር እግር እስኪለምድ ነው» ይሉኛል።

ግማሽ መንገድ ላይ ከላይ የሚወርዱ ልጆች አገኘን። አሥራ ሁለት ናቸው፤ ሁሉም ደብተር ይዘዋል። ከፊት ያለችው ልጅ ደብተሮቿን በፌስታል ጠቅልላ ብብቷ ሥር ሸጉጣለች።

«ዛሬ ትምህርት የለም እንዴ?» አልኳት።

«አለ። ለሚያነቡት ነው። እኛ ነገ ነው የምንገባ።»

«ለምን?»

«እንግዳ ይመጣል ተብሏል» አለችና ጫማዬን አየች። እንግዳው እኔ መሆኔ ያን ጊዜ ሳይገባት አልቀረም። ስሟን ጠየቅኋት። «ማስተዋል» ብላ ጓደኞቿን አስከትላ ቁልቁል ሄደች።

ወደ ቄሱ ዞርኩ። በመቋሚያቸው ጫፍ መሬቱን ይጭራሉ።

«አባታችን፣ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «እንግዳ ሲመጣ እኮ የተቀደደው አጎዛ ይነሣል፤ ደኅናው ይነጠፋል። መምህሩም ያደረገው ይኸንኑ ነው። እኔ ግን ደስ አላለኝም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብዬው ነበር።»

የቀረውን አቀበት ሳልቀመጥ ወጣሁት። ደሜ ፈልቶ ነበር።

ርዕሰ መምህር ጋሻው በር ላይ ቆመው ተቀበሉኝ። ቀጭን፣ ትሑት፣ ኮታቸውን በጥንቃቄ የተኮሱ ሰው ናቸው። ሦስተኛ ክፍል ስገባ ልጆቹ በሰፊው ተዘርግተው ተቀምጠዋል። ሁሉም አነበቡ። አንዷ ከመጣደፏ የተነሣ ነጥቡንም ሳታከብር ጨረሰችው።

«ሌሎቹስ?» አልኳቸው።

«አጨዳ ላይ ናቸው፤ ወቅቱን ያውቁታል።»

ልጮህ ነበር። ግን በአፍላ መምህርነቴ ተቆጣጣሪ በመጣ ቁጥር የሚንተባተበውን ልጅ ከረጅሙ ጀርባ የምደብቅ እኔው ነበርኩ። ያን ልጅ አንድም ቀን አላስነበብኩትም። እሱን ሳስብ ድምፄ በረደ።

«መንገድ ላይ አግኝቻቸዋለሁ» አልኩ። «አሥራ ሁለቱንም።»

መምህር ጋሻው ወደ ቢሯቸው ወስደውኝ በር ዘጉ።

«አምና ከወረዳው መጨረሻ ወጣን። ውጤቱን በስብሰባ ላይ ሲያነቡት መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። መምህሮቼ በጦርነቱ ጊዜ ተበትነው፣ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ከርሞ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው የተመለሱ። ዘንድሮም ያው ከሆነ ሞራላቸው ይሞታል።»

«የማያነቡ የበዙበት ትምህርት ቤት መጻሕፍትና ተጨማሪ መምህር እንደሚያገኝስ?»

«ማን ነገረን?» አሉ፤ ከመሳቢያቸው ደብዳቤ አውጥተው አሳዩኝ። «የንባብ ምዘና ይካሄዳል» ይላል። ስለ እርዳታው አንድም ቃል የለበትም። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አፈርኩ።

ቄስ ሞላ ማንም ሳይልካቸው ወርደው ልጆቹን ጠርተው መጡ። አንድ በአንድ አስነበብኳቸው። አራቱ ቃል በቃል እየለቀሙ አነበቡ። ስድስቱ ፊደል ለይተው ቃል መመሥረት አቃታቸው። አሥራ አንደኛው ወረቀቱን ሲያይ አለቀሰ።

የመጨረሻዋ ማስተዋል ነበረች። ወረቀቱ ላይ ገደል አፋፍ የቆመች ፍየል ሥዕል አለ። ልጅቷ ሁለት ፊደል አነበበችና ቆመች። ከዚያ ሥዕሉን እያየች መተረክ ጀመረች። ፍየሏ ግልገሏ ጠፍታባት ነው፤ ጅብ ሳይቀድማት ልታገኛት ነው፤ እያለች አሳምራ ወሰደችው። እኔም ሥራዬን ረስቼ አዳመጥኳት።

ስትጨርስ ወረቀቱን ወደኔ ገፋችው። «ጽሑፉ እንዲያ እንደማይል አውቃለሁ» አለች።

ቅጹ ስም ከነአባት ይጠይቃል። «ማስተዋል ማን ልበል?» አልኳት። ልጅቷ ቀና ብላ ርዕሰ መምህሩን አየች።

«ጋሻው» አሉ እሳቸው። «ማስተዋል ጋሻው። የእኔ ናት። ጻፉት።»

ጦርነቱ ሲመጣ ወደ በየዳ አገር፣ እናታቸው ዘንድ እንደሰደዷት፣ ስትመለስ ዕድሜዋ እንጂ ፊደሏ እንዳላደገ ነገሩኝ። «የሰው ልጅ አስተምራለሁ። የራሴ ማንበብ እንደማትችል አገር ሲሰማ ማን ያምነኛል? ብዬ ነው» አሉ። ይህን ያሉት ልጃቸው ፊት ነው። ማስተዋል ግን አላፈረችም። ስሟን ስጽፍ ጎንበስ ብላ እያንዳንዱን ፊደል ተከታተለችው።

ከመሄዴ በፊት መምህር ጋሻው ዝርዝሩን ቆጥረው በመጨረሻው ስም ሥር ፈረሙ፤ የትምህርት ቤቱን ማኅተምም መቱበት።

ሐሙስ፤ ወደ ቤት

ስመለስ ሳልደውል ዳባት ወረድኩ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል፤ ያ «በጣም ጥሩ» ግን ሌሊቱን ሲያብከነክነኝ አድሯል። ክፍሉን ስከፍተው በየወንበሩ አምስት አምስት ልጅ ተቀምጧል። ርዕሰ መምህሩ ደነገጡ። እርዳታውን ሳስረዳቸው ግን ከኋላ ወንበር ያሉትን ራሳቸው እያስነሡ አቀረቡልኝ። የቀድሞውን ቅጽ ቀድጄ እንደ አዲስ ሞላሁ።

ከዳባት እስከ ጎንደር መቶ ሰማንያ ብር ከፍዬ መስኮት ዳር ተቀመጥኩ። ሁለቱም ርዕሳነ መምህራን ክፉ ሰዎች አይደሉም። ለእንግዳ ቤት የሚጠርግ ሕዝብ ዘንድ እየሄድን፣ «መጥተናል» ብለን እየደወልን፣ የተጠረገውን ቤት አይተን ስንመለስ የኖርነው እኛ ነን። ካሁን በኋላ ለምን እንደምመጣ ሳልነግር አልሄድም። የምመጣበትን ቀን ግን አልናገርም።

ዓርብ ጠዋት ሪፖርቱን ለአለቃዬ ሰጠሁ። መነጽሩን አድርጎ ከአምናው ጋር አስተያየው፤ ፊቱ ጠቆረ።

«ልጆቹ ምን ነካቸው? እንዲህ የወደቁበት ዓመት የለም እኮ።»

«አልወደቁም» አልኩት። «ዘንድሮ ሁሉም ተቆጥረው ነው።»