ሳህን ውስጥ ባየሁት በአባቴ ላይ ፈረድኩ

ጌታ ይባረክ! ወንድሞች፣ እህቶች፣ መጋቢ "ከመዝሙሩ በኋላ" ብለውኝ ነበር፤ አልቻልኩም፣ ተነስቻለሁ። ጌታ ያደረገልኝን ካልተናገርኩ አላርፍም። አሜን በሉኛ!

ታውቁኛላችሁ፣ አፌ አያርፍም። ገና መመረቄ ነው። የመመረቂያ ሥራዬ ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር ሴል መድኃኒት ሲሰጠው ምን እንደሚሆን ማየት ነበር። ላብራቶሪ ሳህን ውስጥ መድኃኒቱን ስጨምርበት አብዛኛው ይሞታል። ጥቂቱ ግን ይተርፍና ቆይቶ እንደገና ይራባል። ሁሌ! ያኔ ጸሎት ሲባል "በማይክሮስኮፕ አሳዩኝ" እያልኩ የምስቅ ሰው ነበርኩ።

አባቴ ሸዋ በር አካባቢ ልብስ ሰፊ ናቸው። ውስጥ እግራቸው ላይ ጥቁር ነገር ወጣ፤ "የስፌት መኪናው መርገጫ ነው" እያሉ ቆዩ። ሲመረመር ያው እኔ ሳጠናው የከረምኩት ሆኖ ተገኘ። እናቴ ሆስፒታሉ ደጅ ላይ ክንዴን ያዘችና፣ "ቁስል ነው በያቸው። ስሙን እንዳታነሺ!" አለችኝ። እናንተም ቤት እንዲሁ ነው አይደል፣ ለበሽተኛው አይነገርም። እኔ ውሸት አልወድም፤ ቤት ሳንደርስ "አባዬ፣ ካንሰር ነው" አልኳቸው። እሱስ ባልከፋ። "እኔ አይቼዋለሁ፣ ሁሌ ተመልሶ ይመጣል" ብዬ ጨመርኩበት።

"ታዲያ ለሚመለስ ነገር ምን ልሁን ብዬ እቆረጣለሁ?" አሉና ከቀዶ ጥገናው ቀጠሮ ቀሩ።

ዶክተሩ ጋ ሄጄ ያልኳቸውን ሁሉ ነገርኩት። "አንቺ ልጅ፣ አባትሽ ሳህን ናቸው እንዴ?" አለኝ። "አንቺ ያየሽው ሴልና አንድ መድኃኒት ነው። የእሳቸው ገና አልተሰራጨም፤ አሁን ከወጣ ትልቅ ተስፋ አለ። ከዘገየ ግን..."

ኮሪደሩ ላይ ተንበረከክኩ። "ጌታ ሆይ፣ ካለህ፣ የዘጋሁትን ክፈትልኝ። አውቃለሁ ብዬ አባቴን ልገድል ነው።" ያቺ ነበረች የመጀመሪያ ጸሎቴ። ሃሌሉያ! ውስጤ አንድ ነገር ጸጥ አለ፤ እንዲህ ነው ብዬ ላስረዳችሁ አልችልም።

ቀጥ ብዬ ሱቃቸው ሄድኩ። "አባዬ፣ ተሳስቻለሁ። የማላውቀውን ነው የነገርኩዎት፤ ይቅር ይበሉኝ።"

መቀሱን አስቀምጠው አዩኝ። "እንዴ! አንቺ ተሳስቻለሁ አልሽ? ይሄንን ከሰማሁማ ቢቆርጡኝም አይቆጨኝ። በይ ነገ ውሰጂኝ።"

ክብር ለጌታ ይሁን! ተቆርጦ ወጣ። ዶክተሩ "ዙሪያው ከካንሰር ንጹህ ነው፣ የብሽሽቱ ንፍፊትም ንጹህ ነው" አለን። ክትትሉ አላለቀም፤ በየቀጠሮው እንሄዳለን። ነገ ምን እንደሚሆን አላውቅም። አላውቅም ማለት እንዲህ እንደሚያሳርፍ ማን ነገረኝ? ተመስገን! ተመስገን!

"አለቀ፣ መጨረሻውን አውቀዋለሁ" ብለህ የተውከው ነገር አለህ ወንድሜ? አለሽ እህቴ? ከሐኪም ቀጠሮ የቀረ ሰው ቤታችሁ ካለ ሰኞ ይዛችሁት ሂዱ። ልባችሁን ግን እስከ ሰኞ አታቆዩት። ለጌታ አሁን ስጡት።