የአክስቴ ወይራ

ትናንት የወንድሜ ልጅ ጎንደር ባለው የአባቴ ግቢ ለማኪና ማቆሚያ ብሎ ወይራውን ሊቆርጥ ተነሣ። አንዱን ቅርንጫፍ በመጥረቢያ ሲመታው የእርጥቡ እንጨት ሽታ አክስቴን ጥሩዬን አመጣብኝ።

በጃንሆይ ዘመን ነው፤ እኔ ገና ፊደል እቆጥራለሁ። አክስቴ የሚደበድባትን ባሏን ጥላ ከአምባ ጊዮርጊስ ወደ ወንድሟ፣ ወደ አባቴ ቤት መጣች። የያዘችው ከነአፈሩ በእርጥብ ጨርቅ የጠቀለለችውን የወይራ ችግኝ ብቻ ነበር። እሱን ደጃፋችን ላይ ተከለችው።

ጎረቤታችን አያ ዘለቀ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ «ምነው ጥሩዬ፣ ቶሎ የሚያድግ ባሕር ዛፍ አትተክይም? ደግሞስ ባሏን ጥላ የመጣች ሴት የተከለችው አይጸድቅም» አላት። ችግኙን ብቻ እንዳላለ ለእኔም ለልጅቷ ገባኝ።

አክስቴ ጭቃ የነካ እጇን ሳትታጠብ ቀና አለች።

«አያ ዘለቀ፣ የእኔን መጽደቅ ፈጣሪ ያውቃል። ይኼ ግን ይጸድቃል፤ ቆመህ ታየዋለህ!»

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ችግኙን ስታጠጣ፣ አያ ዘለቀ ብቅ ሲል ጠብቃ፣ «እንዴት አደርህ፣ ጻድቁ!» ትላለች። ሰላምታው ለማን እንደሆነ አያ ዘለቀ አንድም ቀን ሊጠይቃት አልደፈረም።

ዛሬ ጠዋት የወንድሜ ልጅ ተመልሶ ሲመጣ፣ መጥረቢያውን ከሥሬ አድርጌ፣ ግንዱን ተደግፌ ተቀምጬ አገኘኝ።

«እንዴት አደርህ፣ ጻድቁ!» አልሁ ጮክ ብዬ።